አፍርሳችሁ ብትሠሩትስ?

ጎበሳ ውስጥ የቆየ ቤት ሊጠግን መሰላል ያቆመ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎርፍለት ነገር ምክር ነው። ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ጭድ ይወደዳል፣ አናጢው ‹‹ነገ በጠዋት›› ብሎ ለሳምንት ይሰወራል፤ ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም። መንገደኛው አህያውን ያቆምና ቤቱን ከላይ እስከ ታች ይቃኛል። ራሱን ይነቀንቃል። ከንፈሩን ይመጣል። ከዚያም ማንም አስቦት የማያውቅ ሐሳብ የመጣለት ይመስል፣ ‹‹አፍርሳችሁ ብትሠሩትስ?›› ይላል።

ይህን ካለ በኋላ አይቆይም። መካሪ ጭቃ አይነካም። አህያውን ቸብ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል።

መካሪዎች እንደየከተማቸው ደረጃ አላቸው። የጎበሳው ‹‹አፍርሱት›› ብሎ ያበቃል። የአሰላው ‹‹አፍርሳችሁ በብሎኬት ሥሩት›› ይላል። የአዲስ አበባው ‹‹መንገድ ዳር አይደል? ጂ ፕላስ ሁለት ያወጣል›› ብሎ ምድር ቤቱን ለማን እንደምናከራይ ጭምር ይነግረናል። አሜሪካ ያለው ዘመድ በስልክ፣ ‹‹እንዴ! አሁንም እዚያ ቤት ሰው ይኖራል?›› ብሎ ይገረምና፣ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ‹‹ደግሞ እንዳትሸጡት፤ ትዝታዬ ነው›› ይላል። ይኸው ባለ ትዝታ ለቆርቆሮ መግዣ ጥቂት ነገር እንዲልክ ሲጠየቅ ኔትወርክ ይቆራረጥበታል።

ቤቱን ለመጠገን የተነሡት የእኅቴ ልጅና ሚስቱ ናቸው። እሱ አስተማሪ ነው፤ እሷ ነርስ ናት። እሷ አዳማ ብሎኬት ቤት ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ጭቃን ከጫማ ላይ እንደሚጠረግ ነገር ብቻ የምታውቅ ልጅ ናት። እሱም ቢሆን ጭቃ ቤት ውስጥ አደገ እንጂ ጭቃ ቤት ሠርቶ አያውቅም፤ እንጀራ በልቶ ያደገ ሁሉ መጋገር አይችልም። ሁለቱም ከዚህ በፊት ያደሱት ነገር ቢኖር የቀበሌ መታወቂያቸውን ነው።

እኔ ደግሞ አጎት ነኝ። የአጎት ሥራ የታወቀ ነው፤ ወንበር ይወጣለታል፣ ቡና ይቀርብለታል፣ ሌላው ሲሠራ ያያል። ቅዳሜ ሲመጣ ከአሰላ እየተነሣሁ ይህን ኃላፊነቴን ያለ እንከን ተወጥቻለሁ።

ጎበሳን ለማያውቅ፣ በአርሲ ደጋ ያለች የሽርካ ወረዳ ከተማ ናት። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ አይጎድላትም። ብርድም አይጎድላትም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ከደጅም ከግድግዳም ስለሚመጣ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ቤቱ የእናቴ ነበር። አምስት በሮች በአንድ በረንዳ ተደርድረው ወደ መንገዱ የሚያዩበት፣ አንድ ጣሪያ የተደፋበት ረጅም የጭቃ ቤት ነው። እናቴ ሁለቱን ክፍል እየኖረችበት ሦስቱን ለነጋዴ ታከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ፣ ቀሪው ትርፍ። ሦስቱ በሮች በዚህ ሒሳብ ትርፍ ሆነው ወደ ቀበሌ ሄዱ። ሄዱ ማለቴ ለአነጋገር ነው፤ የትም አልሄዱም፣ እዚያው ከእኛ ግድግዳ ጋር እንደተጣበቁ ናቸው።

አዋጁ የቤት ኪራይንም ቀንሷል። አነስተኛ ኪራይ የነበረው ቤት ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ተከራዩ ተደሰተ። ጣሪያው ግን የሚደሰትበት ምክንያት አልነበረውም። በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ የሚቀይር ከየት ይመጣል? ተከራዩ ‹‹የመንግሥት ነው›› ይላል፤ የመንግሥት ሰው ‹‹በጀት የለም›› ይላል፤ ዝናቡ ሁለቱንም ሳይሰማ ይዘንባል። ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በየከተማው የቀበሌ ቤት አርጅቶ የቀረው ባብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

እንግሊዝ አገር መንገዱን ሙሉ በግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች አሉ። አንዱን ገዝቶ የሚጠግን ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከጎረቤቱ ጋር ነው ይባላል። እዚህ ላይ ከእንግሊዞች ጋር እንግባባለን። ግድግዳ የተጋራ ሰው ምስጢርም ይጋራል።

ከግድግዳችን ማዶ ያሉትን ትልቅ ሴት አዴ ነው የምንላቸው። ከእናቴ ጋር ቡና ሲጠራሩ የኖሩት በር አንኳኩተው ሳይሆን ግድግዳ መትተው ነው። አንድ ሌሊት ባልና ሚስት ስለ ቀለም በሹክሹክታ ተከራከሩ። እሱ ክሬም አለ፤ እሷ ውኃ ሰማያዊ አለች። ሳይስማሙ አደሩ። ጠዋት አዴ ደጃቸውን ሲጠርጉ ቀና ብለው፣ ‹‹ልጆቼ፣ ክሬሙ ቶሎ ያድፋል፤ የሷ ይሻላል›› አሉ። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚባለው ሰው ለሌለበት ግድግዳ ነው። አዴ ግድግዳውን አላስቸገሩትም፤ የሰሙት በገዛ ጆሯቸው ነው።

ቀለሙ እንግዲህ ከሁሉ በፊት የተገዛ ዕቃ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ አንሥተው ካልገፉት አይዘጋም፤ ቀለሙ ግን በባልዲው ተዘጋጅቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠግን ሰው ሁሉ ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምራል። ሙሽራ ናትና መጀመሪያ የምታየው መጋረጃውን ነው፤ አስተማሪ ነውና መጀመሪያ የሚያስበው ስለ መጽሐፍ መደርደሪያው ነው። ስለ ቦይ አስቦ የሚያገባ የለም።

ሥራው የተጀመረው ኮርኒሱን በማውረድ ነው። የአርሲ ጭቃ ቤት ኮርኒስ ራሱን የቻለ የታሪክ መጽሐፍ ነው። በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ ካዱ የሚለው፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስለመደ። ገበሬው ማዳበሪያውን ማሳው ላይ በተነው፤ ሴቶቹ ከረጢቱን ተርትረው፣ አጥበው፣ ሰፍተው ኮርኒስ አደረጉት። የአርሲ ልጅ በጀርባው ተኝቶ ፊደል የቆጠረው ‹ዩሪያ› የሚለውን እያነበበ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ኮርኒሱ ሲወርድ የብዙ ዓመት አቧራ አብሮ ወረደ። ከአቧራው ጋር የአይጥ ጎጆ፣ ከጎጆው ውስጥ ደግሞ ሽንብራ፣ የእናቴ መቁጠሪያ ፍሬዎችና አንድ የተበላ የቶምቦላ ትኬት ተገኘ። የእኅቴ ልጅ ትኬቱን በጥንቃቄ አራግፎ ኪሱ ከተተ። ሚስቱ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቀችው። ‹‹አይታወቅም›› አላት። ቤት የሚጠግን ሰው ወደ መጨረሻው ላይ በቶምቦላ ማመኑ የተለመደ ነው፤ እሱ ትንሽ ቀደመ።

ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጦ ነበር። አዲስ ዘመን በአዲስ ዘመን ላይ፣ ከሥሩ ሌላ አዲስ ዘመን። መላጡ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ልጦ የሚጥል የለማ! ሁሉም ላጥ አድርጎ ያነባል። አስተማሪው ስለ ምርት ዘመቻ አነበበ፤ ነርሷ የሟቾችን ስም አነበበች። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ስሙ እንደሚለው የሚከፈለው በቀን ስለሆነ ርዕሰ አንቀጹን ሳይቀር ጨረሰ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ‹‹ጮክ በሉ›› እል ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ሊቆም ሲል ለሳኙ መጣ። ለሳኝ የጭቃ ሐኪም ነው። የእኛው በዕድሜ የገፉ፣ ኦቦ የምንላቸው፣ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስማምተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እንደ ሌላው ቆመው ራሳቸውን አልነቀነቁም። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ትንሽ ሄደው ደግሞ ቆረቆሩ። ከዚያ ተንበርክከው የቋሚዎቹን ሥር በሚስማር ወጉ። አንዱ ላይ ሚስማሩ ያለ ሥቃይ ሰጥሞ ገባ። ሌላው ላይ አልገባ አለ።

‹‹ሆዱ ደህና ነው፤ የታመመው ራሱና እግሩ ነው›› አሉ።

አብራሩ ሲባሉ አብራሩ። መሬት ውስጥ የተተከለ እንጨት የሚበሰብሰው አፈሩ ውስጥ ጠልቆ በገባው በኩል አይደለም፤ አየር ላይ ባለውም በኩል አይደለም። እርጥበትና አየር በሚገናኙበት፣ ከመሬት ጋር እኩል በሆነው በአንድ ስንዝር ቦታ ላይ ነው። ሚስማሩ አልገባበት ያለው ቋሚ ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ የቆመ ጥድ ነው። ሰጥሞ የገባበት በኋላ የተተካ ባሕር ዛፍ ነው። ልጁ አርጅቶ አባቱ ቆሞ ቀርቷል።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት መናገሻነቷ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል ያቆያት እሱ እንደሆነ ይነገራል። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል። አጣናው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ እሱ ነው። እግሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ግን ዕድሜ የለውም። ጥድስ? ጥድ ምስጥም ብስባሽም አይደፍረውም፤ ነገር ግን አገር በቀል ዛፍ ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ያለን መላ ባሕር ዛፉን ከአፈር ማራቅ ብቻ ነው። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ይዞ የበሰበሰውን እግር መቁረጥ፣ የተረፈውን በድንጋይ ላይ ማሳረፍ፣ ጫፉን የተቃጠለ ዘይት መቀባት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያለው ሰው ሳይጠግን አልቀረም።

ውኃው ከየት እንደሚመጣም ታወቀ። መንገዱ በተደለደለ ቁጥር አፈር ይደፋበታል፣ ከፍ ይላል። ደጅ የሚጠርግ ጥራጊውን ከግድግዳ ሥር ያከማቻል፤ እሱም ከፍ ይላል። ቤቱ ግን ባለበት ነው። ድሮ ሦስት ደረጃ ወጥተን የምንገባበት በረንዳ ዛሬ ወርደን የምንገባበት ሆኗል። ክረምት ሲመጣ የጎበሳ ጎርፍ መንገዱን ይዞ ይመጣና ክፍት ደጅ አግኝቶ ይገባል። ቤት ለእንግዳ ብለን የለ!

የጥገናው የመጀመሪያ ሥራ ስለዚህ ቁፋሮ ሆነ። ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ከቤቱ ዙሪያ አፈር አንሥቶ ቦይ ማውጣት የሚታይ ነገር የለውም። እንግዳ ሲመጣ ‹‹ቦያችን እንዴት ነው?›› ተብሎ አይጠየቅም። ገንዘቡ ሄዶ፣ ጉልበቱ ሄዶ፣ ቤቱ ከበፊቱ ይብስ ተቆፋፍሮ ታየ። ያን ሰሞን ‹‹አፍርሱት›› ባዮቹ በቁጥር በረከቱ፤ አንዳንዶቹማ ‹‹ጎሽ፣ ጀመራችሁ!›› ብለው አመሰገኑ።

ከእግሩ ወደ ራሱ ስንሄድ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆነ። ጣሪያው አንድ ነው፤ የእኛን ቆርቆሮ ስናነሣ የአዴ ይነካል። አዴ ደግሞ የቀበሌ ተከራይ ናቸው፤ ጣሪያው ከራሳቸው በላይ ነው እንጂ የራሳቸው አይደለም። ፈቃድ ከሚጠየቅበት ተጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለራሳቸው ለአዴ ሽማግሌ ተላከ። ለልጅቱ ቤተሰብ አዳማ ድረስ የተላከው ሽምግልና ከዚህ ባጠረ ጊዜ ነው ያለቀው።

ክርክሩ ስለ አንድ ነገር ነበር። አዲሱና አሮጌው ቆርቆሮ ሲጋጠሙ የማን ከላይ ይሁን? የእኅቴ ልጅ አዲሱ ከላይ መሆን አለበት አለ። አዴ፣ ‹‹በኔ ላይ ማንም አይወጣም›› አሉ። ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ‹‹ሁለታችሁም እውነት አላችሁ›› ብለው ተነሡ፤ ይህ የሽማግሌ ሁሉ ፍርድ ነው። የፈቱት ኦቦ ናቸው። ‹‹ይህን ነፋስ ይወስነው›› አሉ። ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ ከየት ይነሣል? በዚያ በኩል ያለው ቆርቆሮ ከላይ ይደረባል፤ ያኔ ነፋሱ ውኃውን በመጋጠሚያው ሥር መግፋት አይችልም። ነፋሱ ደግሞ በአዴ በኩል የሚመጣ ሆነ። የአዴ ዝገት በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ተደረበ። አዴ እስከ ዛሬ ይህን የሚናገሩት በነፋስ ሳይሆን በዕድሜያቸው እንዳሸነፉ አድርገው ነው።

አሁን ጭቃው ቀረ። ጭቃ ምን ጥበብ አለው የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ከኦቦ ጋር ይዋል። አፈሩ ይመረጣል፤ ጥቁሩ አፈር እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃልና አይሆንም። ቀዩ ይሻላል። ጭዱም ይመረጣል። ኦቦ የሚወዱት የጤፍ ጭድ ነው፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። አርሲ ግን የስንዴ አገር ነው። የስንዴውም ጭድ ቢሆን ድሮ በሬ በውድማ ላይ የረገጠው ደቅቆ ይመጣ ነበር። ዛሬ ኮምባይነር ያጭዳል፤ የሚተወው ጭድ ረጅምና ሸካራ ነው። ኦቦ አንድ እፍኝ አንሥተው አዩና፣ ‹‹ይህ ለከብት እንጂ ለግድግዳ አይሆንም›› አሉ። ከዚያ በገጀራ ተከታትፎ መጣ። ከኮምባይነር በኋላ የመጣ ሥልጣኔ መሆኑ ነው።

ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቀላቅሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተሸፍኖ ይሰነብታል። ይቦካል። ሲቦካ ደግሞ ይሸታል። ነርሷ አፍንጫዋን ይዛ ስለ ጤና ጠየቀች። ኦቦ፣ ‹‹ያልሸተተ ጭቃ አይይዝም›› ብለው ነገሩን ዘጉ። ሰፈሩ በሙሉ ቤት እየተሠራ መሆኑን በአፍንጫው አወቀ።

መርገጡ ቅዳሜ ዋለ። ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ ኖሮ ተማሪዎች ሳይጠሩ መጡ። አስተማሪን ሱሪው ጉልበቱ ድረስ ተጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ማየት በየዓመቱ የሚገኝ ዕድል አይደለም። በሒሳብ የወደቀው ልጅ በጭቃ አንደኛ ወጣ። ሙሽራዋ ስታመነታ ቆየችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። አዴ ከበረንዳቸው ሆነው፣ ‹‹በተረከዝሽ፣ ልጄ! በጣት አይደለም!›› እያሉ አረጋገጥ አስተማሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እኔም ጫማዬን አውልቄያለሁ፤ ወንበሬን ግን አልለቀቅኩም።

ምርጊቱ ተመርጎ ሲደርቅ ግድግዳው ሁሉ ተሰነጠቀ። ባልና ሚስት ደነገጡ። ኦቦ ግን አልደነገጡም። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቅ አለበት፤ ስንጥቁ ለሁለተኛው መያዣ ይሆነዋል። ከዚያ በላይ ቀጭኑ ልስን፣ ከልስኑ በላይ ኖራ። በየመካከሉ መድረቅ አለ። አዲስ ጠጋኝ የሚቸገረው በመሥራቱ አይደለም፤ በመጠበቁ ነው። እርጥብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የቀለም ባልዲ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በዚህ መካከል ነው የሲሚንቶው ወገን የመጣው። ‹‹በዶሮ ሽቦ ለብጡትና ሲሚንቶ ለስኑበት፤ አንዴ ገብታችሁ ትገላገላላችሁ›› አለ። ‹መገላገል› የሚለው ነገር ደክሞት ለከረመ ሰው ጆሮ ደስ ይላል። ባልየው እሺ ሊል ተቃርቦ ነበር። ኦቦ ምንም ሳይናገሩ እጁን ይዘው ከመንገዱ ማዶ ወዳለ ሌላ ቤት ወሰዱት። ውጪው ሲሚንቶ፣ ውስጡ ጭቃ ነው። በጣታቸው ቆረቆሩት። ዶም፣ ዶም አለ።

ምክንያቱ ተራ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ እንዲህ አያውቅም። በሁለት ዓይነት ጠባይ ተጋብተው ውለው ሳያድሩ ይለያያሉ። በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ጭቃ ብቻውን ቢሆን ፀሐይ ሲወጣ ይተነፍስና ይደርቅ ነበር። ሲሚንቶ የለበሰው ግን ውስጥ ለውስጥ እየራሰ፣ ከውጪ ሲያዩት አምሮበት፣ አንድ ቀን ቅርፊቱ እንዳለ ተገምሶ ይወድቃል። ለቤት ሳማ፣ ለውጭ ቄጠማ ማለት ይኸው ነው።

የጭቃ ቤት ብቻም አይደለም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጎንደርን ግንብ በሲሚንቶና በአርማታ ጠግነውት ነበር። ኋላ በዩኔስኮ እርዳታ የመጡት ጠጋኞች ከሠሩት ሥራ አንዱ ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በጥንቱ ኖራ መተካት ሆነ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግሊዞቹም እነዚያን የተጣበቁ አሮጌ ቤቶቻቸውን ሲጠግኑ የሚከራከሩት በዚሁ በኖራና በሲሚንቶ ነው። ባለቅኔው ዊልያም ሞሪስ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1877 ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሞ ነበር፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። ትምህርታቸው ቢጨመቅ፣ አሮጌ ቤትን አዲስ ላድርግህ አትበለው፣ ዕለት በዕለት ተንከባከበው ነው። ኦቦ እንግሊዝ ሳይሄዱ የደረሱበት ነገር ነው።

ማሊ ውስጥ ጄኔ የምትባል ከተማ አለች። ትልቁ መስጊዷ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራ፣ ሁለመናው ጭቃ የሆነ ሕንፃ ነው። ለመውጫ የሚሆን የእንጨት ጫፍ ከግድግዳው ላይ ወጥቶ ተሰድሯል። ለምን ቢሉ፣ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ በየዓመቱ እንደሚመረግ ታስቦ ነው። ቀኑ ሲደርስ ከተማው በሙሉ ይወጣል፤ ጭቃ የሚያመጣው ያመጣል፣ የሚመርገው ይመርጋል፣ በዓል ይሆናል። ‹‹አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው›› ያለ መካሪ እዚያም ጠፍቶ አይመስለኝም። መስጊዱ ግን ቆሟል፤ ከተማዋም ከነቤቶቿ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

እኛ አገር ይህን የምናውቀው አይመስለን እንጂ እናውቀው ነበር። እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለፋሲካም ለአረፋም ግድግዳ ሲያብሱ፣ መደብ ሲለቀልቁ፣ ቀዳዳ ሲደፍኑ ለበዓል ማማሩ ብቻ አልነበረም። ቤቱን በዓመት በዓመት እያዩት ነበር። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። እናቴ አንድም ቀን ‹‹ቤት አደስኩ›› ብላ አታውቅም፤ ቤቷ ግን እሷ እያለች አልፈረሰም። መፍረስ የጀመረው ‹‹አንድ ጊዜ በደንብ እናሠራዋለን›› ብለን በየከተማው የተበተንን እኛ ልጆቿ ስንወርሰው ነው።

ሲሚንቶን ለማጥላላት አይደለም ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት። ለብሎኬት ይሆናል፤ ከሥር ለሚገባው ድንጋይም ይሆናል። ጭቃ ቤት ሁሉ ይቁም የሚልም የለም፤ ምሰሶው ያለቀ፣ ሰው ላይ ሊወድቅ የተዘጋጀ ቤት መፍረሱ ግድ ነው። ነገር ግን ሆዱ ደህና የሆነ ቤት በራሱና በእግሩ ምክንያት ሞት ሲፈረድበት ዝም ማለት ይከብዳል።

ሙሽራዋ አሁን ለሳኝ ሆናለች። ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስለ ልጁ ሳል ከጠየቃት በኋላ ስለ ግድግዳው ይጠይቃታል፤ ለሁለቱም መልሷ ‹‹እርጥበቱ ከየት ነው የሚመጣው?›› የሚል ነው። ክፍሎቹ ውኃ ሰማያዊ ተቀብተዋል፤ የአዴ ምርጫ ስለሆነ ተቃዋሚ አልተነሣም። አዴም ከዚያ ወዲህ ባልዲ ጭቃ ለምነው በራሳቸው በኩል ያለውን አስመርገዋል። ‹‹ከናንተ የተረፈ›› ነው የሚሉት። ከምሽቱ እስከ ጠዋቱ በሹክሹክታ የሚወራው ሁሉ አሁንም ይሰማቸዋል፤ ጥገናው ያልነካው ነገር እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከአባት ከእናት የወረስከው የጭቃ ቤት ካለህ ከቀለም አትጀምር። መጀመሪያ ጣሪያህ የት እንደሚያፈስ፣ ቀጥሎ ውኃ ከየት ገብቶ የት እንደሚተኛ እይ። የቋሚህን ሥር በሚስማር ውጋ። ግድግዳህን ሲሚንቶ አታልብሰው። ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ አንድ ባልዲ ጭቃ ይዘህ ዙርያውን ዙር፤ ጎረቤትህንም ጥራ። ገንዘብ ከሌለህና ጊዜም ከሌለህ ደግሞ ቢያንስ ክረምት ሳይገባ ቦይህን ጥረግ። ሌላው ይደርሳል።